በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድባቴ፦ ሕክምናው፣ መድኃኒቱና የተቋማት ድርሻ

አዲስ አበባ፦ በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ የሚከሰተው የድባቴ ሕመም በወቅቱ ከታወቀ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም ነው። ይሁንና በርካታ እናቶች ሕመሙን እንደ ድካም፣ እንደ ጠባይ መለወጥ ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ሥራ በመቁጠር ወደ ጤና ተቋም ሳይሄዱ ይቀራሉ። ሕክምና ከጀመሩት መካከልም እርጉዝ መሆናቸውን ሲያውቁ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን በድንገት የሚያቋርጡ ጥቂት አይደሉም።

የየካ ክፍለ ከተማ ይህን ጉዳይ ለመመልከት አመቺ ስፍራ ነው። ክፍለ ከተማው ከመገናኛና ከሾላ ገበያ አንስቶ እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንስቶ እስከ እንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ነው። በአንድ ወገን በመንግሥትና በግል መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ደመወዝተኛ እናቶች ይኖሩበታል። በሌላ ወገን ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ በማውረድ የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙ ሴቶች ኖረውበታል። ሁለቱም ለእርግዝና ክትትልና ለሕፃናት ክትባት በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ሊገናኙ ይችላሉ። ሕመሙ አንዷን ከሌላዋ አይመርጥም። ልዩነቱ የሚመጣው ማን ቀድማ ትታወቃለች፣ ማንስ ሳትታወቅ ትቀራለች በሚለው ላይ ነው።

ሕመሙ ከተለመደው ድካም በምን ይለያል?

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡ እናቶች ያለ በቂ ምክንያት ማልቀስ፣ መነጫነጭና የስሜት መለዋወጥ ያጋጥማቸዋል። ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ጎልቶ ይታይና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ዕረፍት፣ እንክብካቤና ማበረታቻ ነው።

ድባቴ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በተለምዶ ድብርት ወይም የመንፈስ ጭንቀት እየተባለ የሚጠራው ይህ ሕመም ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ ሐዘንና ቀድሞ ያስደስት በነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ከእነዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ አቅም ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ከመጠን በላይ መውቀስና ተስፋ መቁረጥ ይታያሉ። ሕፃኑ ተኝቶ እያለ እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ለልጇ ምንም ስሜት የለኝም ብላ የምትሸማቀቅ ወይም ልጄ ይሞትብኛል በሚል ሥጋት ቀን ከሌት የምትናጥ እናት የዚህ ሕመም ተጠቂ ልትሆን ትችላለች።

በሀገራችን ሕመሙ በቃል ሲገለጽ ሐዘን ከሚለው ቃል ይልቅ የራስ ምታት፣ የልብ መምታት፣ የሰውነት መቃጠል ወይም መድከም ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። በመሆኑም እናቲቱ ስለ ራስ ምታት ተናግራ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ልትመለስ ትችላለች። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ በምርመራ መለየት ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም የከፋውና አልፎ አልፎ የሚከሰተው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የአእምሮ መታወክ ነው። ከአንድ ሺህ ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በድንገት ይጀምራል። እናቲቱ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፤ ከእውነታ የራቀ እምነት ይይዛታል፤ ትቃዣለች። ይህ ሁኔታ እንዲሁም ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ እንደ ደም መፍሰስ ሁሉ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ለነገ የሚባል አይደለም፤ እናቲቱንም ብቻዋን መተው አይገባም።

አኃዞች ምን ያመለክታሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ፣ በቅርቡ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ በአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም በድባቴ ይጠቃሉ። በታዳጊ ሀገሮች አኃዙ ከፍ ብሎ በእርግዝና ወቅት ወደ 16 በመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል በቀረቡ 393 ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት 25 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። ይህ አኃዝ በመጠይቅ የተገኘ በመሆኑ ሁሉም መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም፤ ሁሉም ግን ቀርቦ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ስሌት በአንድ ቀን 40 ነፍሰ ጡሮችን የሚያስተናግድ ጤና ጣቢያ ቢኖር አሥር ያህሉ የሚጠየቁትን ጥያቄ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ እንደ ማለት ነው።

ለመለየት የሚያገለግለው መሣሪያም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድንብራ የተዘጋጀው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአዲስ አበባ በወላድ እናቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ፍተሻው መጠይቁ በከተማዋ እንደሚያገለግል አረጋግጧል። ይሁንና የውጭው መለኪያ ነጥብ እንዳለ ከተወሰደ በርካታ ታማሚዎች ሊታለፉ ስለሚችሉ ዝቅ ያለ ነጥብ መጠቀም ተገቢ መሆኑን አመልክቷል።

በእናትና በልጅ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በመጨረሻ የእርግዝና ወራት ላይ የነበሩ 1 ሺህ 65 ሴቶች ተመዝግበው ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በውጤቱም በእርግዝናቸው ወቅት ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት የነበራቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ልጃቸውንም ጡት ማጥባት ዘግይተው የመጀመር ዕድላቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጭንቀቱ የሕፃኑን የልደት ክብደት ስለመቀነሱ ግን በዚህ ጥናት ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ለጤና ሥራ ኃላፊዎች የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። የተራዘመ ምጥና የዘገየ ጡት ማጥባት የእናቶችና የሕፃናት ጤና ፕሮግራም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚያቀርብባቸውን ግቦች በቀጥታ ይነካሉ። የአእምሮ ጤና ከእናቶች ጤና ተነጥሎ የሚታይ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን የዚያው ሥራ አካል ነው።

መድኃኒቱ፦ የመውሰድና ያለመውሰድ ሚዛን

ቀላል ለሆነ ድባቴ የመጀመሪያው ሕክምና ምክርና ማኅበራዊ ድጋፍ ነው። ድባቴው መካከለኛ ወይም ከባድ ሲሆን፣ ምክሩ ብቻውን ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ወይም እናቲቱ ከዚህ ቀደም በተደጋጋሚ ታማ መድኃኒት የረዳት ከሆነ የፀረ ድባቴ መድኃኒት ይታሰባል። በሀገራችን በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋማት በብዛት የሚታወቁት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ናቸው። ሰርትራሊንም በዚሁ ዘርፍ የሚመደብ ነው። መድኃኒቶቹ ሱስ አያስይዙም። ሆኖም ውጤታቸው በአብዛኛው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ከተወሰዱ በኋላ በመሆኑ በሳምንት ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቆም አግባብ አይደለም። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወራት መቀጠል ይመከራል።

አንዲት እናት መድኃኒቱ ልጄን ይጎዳብኛል ብላ መፍራቷ ተገቢ ነው፤ ጥያቄዋም በቂ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ምንም መድኃኒት ባይወሰድም በዓለም ላይ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ሦስት ያህሉ የአፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን የሚገኙበት የመድኃኒት ምድብ ይህን ቁጥር በጉልህ እንደማይጨምር ሰፋፊ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከዚህ ምድብ ፓሮክሴቲን የተባለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲወሰድ ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር በጥቂቱ ስለተያያዘ በእርግዝና ወቅት አዲስ ሲጀመር አይመረጥም።

በእርግዝና መገባደጃ ላይ መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ ሕፃናት እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት መነጫነጭ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ፈጠን ያለ አተነፋፈስ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህም በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። በመሆኑም እናቲቱ በጤና ተቋም እንድትወልድና ሕፃኑ ክትትል እንዲደረግለት ያስፈልጋል። በሕፃኑ ሳንባ የደም ሥሮች ላይ የሚከሰተው ከባድ የግፊት ችግርም ከሺህ ሕፃናት ከሁለት ወደ ሦስት ገደማ ከፍ እንደሚል ይገመታል።

በሚዛኑ ሌላኛ ወገን ያለው ሳይታከሙ የመቅረት አደጋ ነው። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ቀደም ሲል በድባቴ የታመሙ 201 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሏል። መድኃኒታቸውን ካቋረጡት 68 በመቶ የሚሆኑት በእርግዝናቸው ወቅት ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። በቀጠሉት ላይ የታየው 26 በመቶ ነው። ይህ የሚያሳየው መድኃኒቱን ማቆም በራሱ ከአደጋ ነጻ የሆነ ውሳኔ አለመሆኑን ነው። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም ምክር መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ እንጂ በአንድ ጊዜ በመጣል አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው፣ ከድባቴ በተጨማሪ ከመጠን ያለፈ የደስታና የመቅበጥበጥ ወቅት የነበራት ታማሚ ለብቻው የፀረ ድባቴ መድኃኒት ቢሰጣት ሕመሟ ሊባባስ ስለሚችል ወደ ከፍተኛ ባለሙያ መላክ ይኖርባታል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመምና ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ሶዲየም ቫልፕሮኤትም የፅንሱን ጭንቅላትና ሕብረ ሰረሰር ስለሚጎዳ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች እንዲሰጥ አይመከርም። ሁለተኛው፣ አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘው መጠን በላይ ሲወሰድ ሕይወትን የሚያሳጣ በመሆኑ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ላላት እናት በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬ መስጠት አይገባም።

ጡት ማጥባትን በተመለከተ

መድኃኒት የምትወስድ እናት ጡት ማጥባት የለባትም የሚለው አመለካከት በስፋት ቢሰማም በአብዛኛው ትክክል አይደለም። ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ በአነስተኛ መጠን በመሆኑ በምታጠባ እናት ላይ ቀዳሚ ምርጫ ተደርጎ ይወሰዳል። ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሌላ አማራጭ ካለ ለምታጠባ እናት አዲስ ባይጀመርላት ይመረጣል። ነገር ግን በእርግዝናዋ ጊዜ በዚሁ መድኃኒት ደህና ሆና የቆየችን እናት በድንገት ወደ ሌላ መቀየር ሌላ ችግር ሊፈጥር ስለሚችል ውሳኔው በየታማሚዋ ሁኔታ ይወሰናል። ሕፃኑ በሚገባ መጥባቱን፣ ከተለመደው በላይ አለመተኛቱንና ክብደቱ መጨመሩን በክትባት ቀጠሮዎች መከታተል ይቻላል።

በሌላው ዓለም ሕክምናው እየሰፋ መጥቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድባቴ ለ14 ቀናት በአፍ የሚወሰድ ዙራኖሎን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዷል። ይሁንና ለአብዛኛዎቹ እናቶች ለውጥ የሚያመጣው አዲስ ግኝት ሳይሆን፣ ቀደም ብለው የሚታወቁት ርካሽ መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ሳይቋረጡ መገኘታቸው ነው።

ሐኪም ባልሆኑ ሠራተኞች የሚሰጥ ምክር

በፓኪስታን ገጠር 903 ድባቴ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ለፖሊሲ አውጪዎች ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ነው። አጭር ሥልጠና የወሰዱ የመንደር ሴት ጤና ሠራተኞች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው እናቶቹ አፍራሽ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ፣ ከልጃቸውና ከቤተሰባቸው ጋር እንዲቀራረቡ ምክር ሰጥተዋል። ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ወር ድባቴው ያልለቀቃቸው ምክሩን ካገኙት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት ደግሞ 53 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የምክር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 በመመሪያ መልክ አሳትሞታል።

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረች ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ከተሞችም ተስፋፍቷል። በየካ ኮረብታማ መንደሮች ቤት ለቤት የምትንቀሳቀስ ባለሙያ አራስ ቤት ስትገባ ስለ ክትባትና ስለ ጡት ማጥባት ትጠይቃለች። በዚያው ጉብኝት ሁለት ጥያቄዎችን መጨመር ይቻላል፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሻል ወይ? ቀድሞ ያስደስትሽ የነበረው ነገር አሁን ደስታ ነስቶሻል ወይ? ለአንዱ እንኳ አዎን ያለች እናት ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል። ጥያቄው ግን ባልና አማት በተቀመጡበት ሳይሆን ለብቻዋ ሊቀርብላት ይገባል። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት ከሕመሙ መንስኤዎች አንዱ ነውና።

ጸበልና መድኃኒት

የእንጦጦ ተራራ የጸበል ስፍራዎች ከከተማዋና ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ሕሙማን መጠጊያ ሆነው ኖረዋል። በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ቤተሰብ ከሆስፒታል አስቀድሞ ወደ ጸበል መሄዱ የተለመደ ነው። ይህን እምነት መንቀፍ ታማሚዋን ከሕክምናው ከማራቅ ውጪ ፋይዳ የለውም። ችግሩ የሚፈጠረው ጸበል የጀመረች ታማሚ መድኃኒቷን መጣል አለባት ተብሎ ሲታመን ነው።

ለዚህ በዚያው ተራራ ላይ መፍትሔ የተገኘበት ልምድ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ወቅት በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒቱን ያቋርጡ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አጣምረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ከዚያ በኋላም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በእንጦጦ ከጸበል አገልጋዮች ጋር በመተባበር ሕሙማኑ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያገኙበትን አሠራር ሞክረዋል፤ ስለ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2021 ጽሑፍ ታትሟል። ይኸው መንገድ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የመሥሪያ ቤቶችና የጤና ተቋማት ኃላፊነት

ጉዳዩ ለጤና ዘርፍ ብቻ የሚተው አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሲደነግግ፣ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛም የአባትነት ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም አዝዞ ነበር።

የ90 ቀናቱ ፈቃድ የሚያበቃው ሕፃኑ 13 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። በሀገሪቱ የክትባት መርሐ ግብር ደግሞ ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። የመጨረሻው ቀጠሮ እናቲቱ ወደ ሥራ ከተመለሰችበት የመጀመሪያ ሳምንት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ድባቴ ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ስለሚችል፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ጡት የምታጠባና የተጠራቀመ ሥራ የሚጠብቃት ሠራተኛ በዚህ ወቅት ልዩ ትኩረት ትሻለች። ሥራ መርሳቷና ማርፈዷ ለዲሲፕሊን ክስ ከመቅረቡ በፊት የቅርብ ኃላፊዋ ጤንነቷን ለብቻዋ ጠይቆ ወደ ሕክምና እንድትሄድ ቢያመቻች፣ መሥሪያ ቤቱ ልምድ ያላትን ሠራተኛ፣ ቤተሰቡም እናቱን ያተርፋል። ምስጢሯን መጠበቅ ግን ቅድመ ሁኔታ ነው።

በጤናው ዘርፍ በኩል ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ከመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጋር የማዋሐድ አቅጣጫ ይዛለች። በየካ ያለች እናት ከጤና ጣቢያ በላይ ሕክምና ካስፈለጋት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በክፍለ ከተማው የሚገኝ ሲሆን፣ በኮተቤ ያለው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤልም በመዲናዋ ይገኛል። በመሆኑም የጎደለው ሕንፃ ብቻ አይደለም። በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ጥያቄው መኖሩ፣ ጥያቄውን የምትጠይቀው አዋላጅ ነርስ መሠልጠኗ፣ መድኃኒቱ አለመቋረጡና የተላከችው እናት መድረሷን የሚያረጋግጥ ሰው መመደቡ ናቸው ወሳኞቹ።

በባህላችን አራስ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል። ይህ መልካም ልማድ በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም ኑሮ እየሳሳ ባለበት በአሁኑ ወቅት የጎደለውን ለመሙላት ቤተሰብ፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን መወጣት ይጠበቅባቸዋል። የመጀመሪያው ድርሻ እናቲቱን ስለ ልጇ ከጠየቁ በኋላ ስለ ራሷም መጠየቅ ነው።